ያልወረደው ሸኚ

እህቴ ሞጣ ከተማ አምስት ዓመት ካስተማረች በኋላ ወላጆቻችን ወደሚኖሩባት ወደ ብቸና ዝውውር አገኘች። እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርሁ፤ ከእሷ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ስለምንኖር ጓዙን አብረን ጠቀለልን።

እሷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ የሒሳብ መምህር ነበር። እህቴን እንደሚወዳት ግቢው ሁሉ ያውቃል። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን ለእኛ ይሰጥና እሱ ደብተር ራሱ ላይ ደፍቶ ይሮጣል። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ «ቲቸር፣ ለምን አይነግሯትም?» አልሁት። ፊቱ ቀላ። «ጊዜው ሲደርስ» አለኝ። እንዲህ እያለ አራት ዓመት አለፈ።

የምንሄድበት ቅዳሜ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥቶ እንደጨረሰ ነጭ ጋውኑን ሳያወልቅ መናኸሪያ መጣ። ፍራሻችንን አውቶቡሱ ላይ አስጫነ፤ ዘንቢላችንንም ወንበር ሥር ሊያስገባልን ገባ።

«ሸኚ ውረድ!» አለ ረዳቱ በሩን እየደበደበ።

ሌላው ወረደ። እሱ እንደቆመ ቀረ። እህቴ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፤ ጣቶቿ ግን የነጠላዋን ጫፍ ይፈትላሉ።

«ቲቸር፣ ሊሄድ እኮ ነው» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለና ከኋላችን ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አውቶቡሱ ተነሥቶ መንገድ ላይ ያለችው ጉንደ ወይን ደረሰ። እዚያ ሰው ሊያወርዱ ሲቆሙ እህቴ ዞር አለች።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ብቸና።»

«ብቸና ማን አለህ?»

«አንቺ።»

አጠገቡ ዶሮ ታቅፈው የተቀመጡ እናት «እሰይ!» ሲሉ አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። እህቴም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺ፣ ወደ ኋላ ሂጂ» አለችኝና ቦታዬን ሰጠችው።

ብቸና ስንደርስ አባታችን ያለ ሻንጣ፣ ጠመኔ የነካው ጋውን ለብሶ የመጣውን እንግዳ ከላይ እስከ ታች አዩት። እሱም አንድ ሳይደብቅ ነገራቸው።

«አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር?» አሉት።

«ጊዜውን፣ አባባ።»

«ጤፍ እንኳ ደርሶ ካላጨዱት ይረግፋል፣ ልጄ። በል እራትህን ብላና እደር። ነገ ተመልሰህ ሽማግሌ ይዘህ ና፤ እኛ ልጅ ለሸኚ አንሰጥም።»

ይህን ሲሉ ሳቃቸውን መደበቅ አቅቷቸው ነበር።

በሦስተኛው እሑድ አንድ ቄስ፣ አንድ አዛውንት መምህርና የቤት አከራዩ የሆኑ የሞጣ ሙስሊም ነጋዴ ብቸና መጡ። አባቴ ለወጉ ያህል «እንመክርበታለን» ብለው መለሷቸው። ሽማግሌዎቹ ዳግም ሲመጡ እሺ አሏቸው።

ዛሬ ሁለት ልጆች አሏቸው። እሱ አሁንም ጫማ ለመግዛት አንድ ሱቅ ሦስቴ ይመላለሳል፤ እህቴም ትቆጣዋለች። በቅርቡ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ «ያን ቀን ወርዶ ቢቀር ኖሮስ?» አልኋት።

«እኔ እወርድ ነበራ» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

እውነቷን ይሁን ቀልዷን አላውቅም። እሱ ግን ከሳሎን ሰምቶ ኖሮ ብቅ አለና፣ «ምነው ታዲያ ቀድመሽ ብትነግሪኝ!» አላት።