አብረሻል ወይስ አምረሻል

ሱቁ ውስጥ ሁሉም ማጣሪያ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ጎኗ ተቀምጦ ስክሪን የሚጠግነው ጋሼ ነው። ከአሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጠውን ቪዲዮ ሁሉ ሳታጸዳ፣ ሳታለሰልስና ሳታደምቅ ከእጇ አታወጣም። "ለዚች ልጅ የመታወቂያ ፎቶዬን ብሰጣት ሙሽራ አድርጋ ነው የምትመልሰኝ" ይላል ጋሼ። ደንበኛ ግን ይወድላታል። ሠርጉን ያስቀረጸ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ማየት አይፈልግም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርታለች፤ "ምስሉ ከፋ" ብሎ የተመለሰባት ሰው የለም።

መጀመሪያ የመለሰችባት የገዛ እናቷ ናት።

እናቷ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ብርቱ ትኩሳት ይዟት ከተነሳች ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም። ትናገራለች፣ ያውም ጮክ ብላ። የሌላውን ሰው ንግግር ደግሞ ከከንፈሩ ታነባለች። ባንክ ወረፋ ይዛ ከመስታወት ኋላ ያሉት ሠራተኞች የሚተማሙትን ለቅማ ትመጣለች። አንድ የሚያስቸግራት ነገር ግን አለ፤ "በ" እና "መ" ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ሁለቱንም ሲሉ አፍ እኩል ይገጥማል። ቃሉን የምትለየው ከጎረቤቱ ነው። "በር ዝጊ" ሲሏት አትሳሳትም፤ የሚዘጋ "መር" የለምና። ከፊት ያለው ቃል ካመለጣት ግን መገመት ነው።

ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት አምልጧት ነበር። የልጅየው ታላቅ እህት የተመረቀች ዕለት ዘመድ ሁሉ ግቢ ውስጥ ቆሟል። አባትየው ከወንድሞቹ መሐል ሆኖ ወደ ሚስቱ ዞረና አንድ ነገር ተናገረ። እሷ ቀና ስትል የደረሰችው መጨረሻው ቃል ላይ ነው፤ "አብረሻል"። ያን ሰሞን ወንድማማቾቹ የእናታቸው ቤት ይሸጥ አይሸጥ በሚል ተኳርፈው ነበር፤ እሱ አይሸጥም ባይ ነው። "ከእነሱ ጋር ሆነሽ አሲረሽብኛል" ያላት መሰላት። ያውም በሰው ፊት። የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች፤ እንግዳ እስኪሸኝ አልወጣችም። በማግስቱ "አምረሻል ነው ያልኩሽ!" ብሎ ማለላት። አላመነችውም። ኩርፊያው በረደ፣ ኑሮው ቀጠለ። በሦስተኛው ዓመት ልቡ ታሞ ሞተ፤ እስከ መጨረሻው "አምረሻል ነው" እንዳለ።

ባለፈው ወር አጎትየው ቤት ሲለቅ የዚያን ቀን ካሴት ከቁም ሳጥን ሥር አገኘና ላከላቸው። ድምፁን ሻጋታ በልቶታል፤ ሽሽሽ የሚል ነገር ብቻ ነው የሚሰማው። ምስሉ ግን አለ።

"አሳዪኝ" አለች እናቷ። "ዋሽቶኝ ከሆነም ልወቅ፣ እውነቱን ከሆነም ልወቅ።"

"እማዬ፣ አሁን ምን ያደርግልሻል?"

"የኖርኩበት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ልጅየው ካሴቱን እንደ ወጉ ገለበጠች፤ አጸዳች፣ አለሰለሰች፣ አደመቀች። እሁድ ጠዋት ወስዳ በእናቷ ኮምፒውተር ላይ በምትወደው ማጫወቻ ፕሮግራም ከፈተችው። እናቷ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች።

"ማነው ይሄ?"

"አባዬ ነዋ!"

"የአባትሽ ፊት እንዲህ ነበር? ሰም ነው የቀባሽው። አፉንም እስከ ጆሮው ለጥጠሽዋል።"

መለጠጡ ቀላል ነበር። ጠባቡን የድሮ ምስል ማጫወቻው ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ብሎ ጎትቶታል። ቅንብሩ ውስጥ ገብታ ወደ ልኩ መለሰችው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ቀረ። እናቷ እንደገና አየች፤ ራሷን ነቀነቀች።

"አሁን ደግሞ ሁለት አፍ አለው።"

"እንዴት ሁለት አፍ?"

"ሁለት አፍ ነዋ! አንዱ ሲዘጋ አንዱ ይከፈታል። ከየትኛው ላንብብ?"

ቪዲዮውን አቆመችው። እናቷ እውነቷን ነው፤ የተከደነ ከንፈር ላይ የተከፈተ ከንፈር እንደ ጥላ ተደርቧል። አሥራ አንድ ዓመት ስታየው የኖረችው ነገር ነው። ሰው የሚጨፍርበት ቪዲዮ ላይ ግን ማን ከንፈር ይቆጥራል?

ሰኞ ሱቅ ስትገባ ለጋሼ ነገረችው። "እማዬ አባዬን ሁለት አፍ አለው አለችው።"

"ሚስት ሁሉ እንደዚያ ነው የምትለው" አለ ጋሼ፣ ከስክሪኑ ቀና ሳይል።

"የምሬን ነው።"

ጋሼ መፍቻውን አስቀምጦ መጣ። ነገሩ ለሁለቱም አዲስ አይደለም፤ ንቀውት የኖሩት ነው። የድሮ ካሜራ አንድን ምስል ባንድ ጊዜ አይቀርጽም። መጀመሪያ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ እያለ ጎደሎ ቁጥር መስመሮቹን፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ አራተኛ እያለ ሙሉዎቹን ይቀርጻል፤ በሰከንድ ሃምሳ ግማሽ ምስል። በሁለቱ ግማሾች መሐል አፍ ይንቀሳቀሳል። ኮምፒውተር ሁለቱን እንዳሉ ሲገጥማቸው የሚንቀሳቀሰው ነገር ዳር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣል። የእሷ ማጫወቻ ጥርሱን ለመደበቅ ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። ሁለት አፍ የመጣው ከዚያ ነው።

"ስለዚህ ማጫወቻሽ ነው የሚዋሸው" አለ ጋሼ።

"እኔም አብሬው ነው። ማለስለሻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ካሴቱን እንደገና ገለበጠች፤ አሁን ምንም ሳትነካ፣ ነጠብጣቡንም ጭረቱንም እንዳለ። ከዚያ ማጫወቻ መምረጥ ያዘች። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣው ስለ መስመር የሚጠይቅ አንድም ቦታ የለውም፤ የፈለገውን አድርጎ ዝም ነው። እሷ የምትወደው ደግሞ በአዝራር የተሞላ ነው። ማጽጃ፣ ማድመቂያ፣ ማለስለሻ፣ ሁሉም ሲጫን ይብለጨለጫል፤ ከማደባለቅ በቀር ግን የሚያውቀው መላ የለም። ሦስተኛው ግራጫ መስኮት ብቻ ነው። የሚፈለገው ነገር በጽሑፍ ፋይል ውስጥ አንድ በአንድ ይጻፍለታል።

"ይሄ ባዶ ነገር ምን ሊያደርግልሽ?" አለ ጋሼ።

"ያልነገርኩትን አያደርግም።"

እያንዳንዱ ግማሽ ለብቻው ሙሉ ምስል እንዲሆን፣ የጎደሉት መስመሮች ከጎረቤቶቻቸው እየተሰሉ እንዲሞሉ ጻፈችለት። ማለስለሻና ማድመቂያ ዜሮ። ስታጫውተው የአባቷ አገጭ እንደ በረደው ሰው ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ። ቅደም ተከተሉን ገልብጣው ኖሯል። ከላይኛው መስመር የሚጀምረውን ከታችኛው ብላዋለች። አንድ ቃል ቀየረች፤ አገጩ ረጋ። ስክሪኑ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ሲታደስ ሃምሳው ምስል አልገጥም ብሎ ይነጥር ስለነበር እሱንም ወደ ሃምሳ አወረደችው። ከንፈሩ አሁን ይከፈታል፣ ይሾላል፣ ይገጥማል፤ አንድ አፍ ብቻ። እሷ ግን ከንፈር ማንበብ አትችልም። ምን እንደሚል አታውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ ቤት ሄዳ ማጫወቻውን ጫነች፣ ፋይሉን አስገባች፣ መጋረጃውን ሳበች።

እናቷ ገና ከመጀመሩ ማንበብ ጀመረች፤ መጀመሪያ አጎትየውን። "'ይሄን ክራቫት… ከየት… ከመጋረጃ ነው ያስቀደድከው?'" ከት ብላ ሳቀች። "ይሄን አላየሁም ነበር! ሁሉም በአባትሽ ክራቫት ይቀልዱበታል።" እውነትም ክራቫቱ ባለ ቢጫ አበባ ነው። ምስሉ ጥግ ላይ እናትየው ራሷ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ ቆማለች። ሰው ሲስቅ አይታ፣ በምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ እሷም ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ትስቃለች። ከዚያ ሳህን ለማንሳት ጎንበስ አለች። አባትየው ዞረና ተናገረ።

"ድገሚው።"

ደገመችው።

"እንደገና። ቀስ አድርጊው።"

ፍጥነቱን በግማሽ ቀነሰችው። እናቷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች። "እይው፣ እዚህ ጋ ከንፈሩ ሾለ። 'ሱ' ነው። 'ከነሱ'። 'ዛሬ አምረሻል' ቢል ኖሮ የሚሾል ነገር የለም።" ጣቷን አነሳች። "'አንቺም ከነሱ ጋር አብረሻል' ነው ያለው።"

ወንበሩን ደገፍ ብላ ተቀመጠች።

"ምሎ ዋሽቶኛል።"

ልጅየው "ከዚህ ሁሉ ባልነካካሁት ኖሮ" አለች በልቧ። ምስሉ ያሳስታል፣ ካሴቱ አርጅቷል ማለት ትችላለች። እናቷም ታምናት ይሆናል። ግን አንድ ሳምንት ሙሉ የለፋችው ምስሉ እንዳይዋሽ ነው። አባቷን አየችው። ከንፈሩን ማንበብ ስለማትችል ዓይኗ ከአፉ ወደ ላይ ሄደ። ያኔ የእናቷን ትከሻ ነካ አደረገች።

"እማዬ፣ ዓይኑን እዪ።"

"ዓይን አላነብም እኔ።"

"አንዴ እዪ።"

እናቷ ተጠጋች። የዓይኖቹ ጥግ ሽብሽብ ብሏል። አንዱ ቅንድብ ተሰቅሏል። ያን ሁሉ በመጀመሪያው ግልባጭ ላይ የልጅየው ማለስለሻ ከነጠብጣቡ ጋር ጠርጎት ነበር። 

"እየቀለደ ነው" አለች ወደ ልጇ ዞራ። "በክራቫቱ ሳቅሽብኝ ነው የሚለኝ።"

"ስለ ቤቱ አይደለም።"

"አይደለም።" መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ አፉን ነው የማየው። ታዲያ ቀልድ ነው አይለኝም? አምረሻል ማለት ምን አመጣው?"

"ቀልድ ነው ቢልሽ ታምኚው ነበር?"

እናቷ አሰበች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። "አላምነውም። ያን ሰሞን ማንንም አላምንም ነበር። አምረሻል ሲለኝም አላመንኩትም፤ ቢያንስ ግን ደስ የሚል ነገር ነው የነገረኝ።"

መነጽሩን መልሳ አደረገችው።

"አጫውቺው። ቀስ አታድርጊው፤ በራሱ ፍጥነት ይናገር።"

አባትየው በሰከንድ በሃምሳ ምስል፣ ከነነጠብጣቡ፣ ዞረና ተናገረ። እናትየው ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ፣

"አዎ፣ አብሬያለሁ! መጋረጃ ነው ያሰርከው!" አለችው።