እናቴ በእኔ የተሳለችው ስለት

የሕክምና ተማሪ የመጨረሻው ዓመት ላይ ሲደርስ አንድ ጥያቄ እንደ ዝንብ ይከተለዋል፦ «በምን ስፔሻላይዝ ልታደርጊ ነው?» አስተማሪ ይጠይቃል፣ ጓደኛ ይጠይቃል፣ ጋዋኔን የሚተኩስልኝ ሰውዬ ሳይቀር ጠይቆኛል። እኔም ሳላመነታ «ማህፀንና ፅንስ» እል ነበር። መልሱ ግን የእኔ አልነበረም። እናቴ ከእመቤታችን ጋር የተዋዋለችው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃን ደጅ ሳልረግጥ፣ ታላቅ እህቴ እንደ አገራችን ወግ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናታችን ቤት መጣች። ቤታችን ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ፣ መኪና የማይገባበት ነው። ምጡ ጠናባትና የሰፈሩ ወንዶች በወሳንሳ ተሸክመዋት ዳገቱን ሲወጡ እናቴ ከኋላ እየሮጠች ተሳለች፦ «እመቤቴ፣ ይችን ልጄን ብትመልሽልኝ ታናሺቱ ተምራ የሴት ምጥ ስታገላግል ትኖርልሻለች!» እህቴ ተረፈች። ሕፃኑም ተረፈ፤ አሁን ድምፁ ጎርንኖ፣ በመጣሁ ቁጥር ስልኬን የሚነጥቀኝ ጎረምሳ ነው። ታናሺቱ ደግሞ እኔ ነኝ።

እህቴን የተሸከሙት ሰዎች ሁሉ ስለቱን ሰምተውታል። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «የስለት ልጅ» ይለኝ ገባ። ፈተና ሳልፍ «እሷ መቼ ትወድቃለች፣ የያዛት አለ!» ይላሉ። ሌት ተቀን ያጠናሁት እኔ፣ ምስጋናው ለሌላ። እንዲህ ሲባል እናደድ ነበር፤ ግን ደግሞ ደስም ይለኝ ነበር፣ መዋሸት አልፈልግም።

ማዋለድ ክፍል እስክገባ ድረስ ስለቱ አልከበደኝም። ስገባ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ሥራውን አላውቀውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ ያሉት ሐኪሞች ያመሰግኑኝ ነበር። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ደሙ ቆመ ወይስ አልቆመ እያልኩ ጨርቁን ደጋግሜ አያለሁ። ተረኛ በምሆንበት ቀን ምግብ አይወርድልኝም። ተረኝነቴን ጨርሼ ለእናቴ ስደውል «ስንቷን ማርያም ማረች?» ትለኛለች። «ሁሉንም» እላታለሁ። ሁሉንም ያልሆነበት ቀንም ነበር።

ወደ ዓይን ሕክምና ስንዛወር አርብ ገበያ ወደምትባል ከተማ ለዓይን ሕክምና ዘመቻ ወጣን። የእኛ አገር ሰው በሽታውን «የዓይን ፀጉር» ይለዋል፤ ሐኪሞች ትራኮማ ያመጣው ነው ይላሉ። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። ሴቶቻችን መድኃኒቱ ወረንጦ ነው ብለው ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይነቃቀላሉ። እኔም ልጅ ሳለሁ ዓይኔ የተሳለ፣ እጄ የማይስት ስለሆነ በወረፋ ነበር የምነቅል። የተነቀለው ፀጉር አጥሮና ጠንክሮ ተመልሶ እንደሚወጋ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ሳድናቸው ሳይሆን በሽታውን ሳቆይባቸው እንደነበር ያወቅሁት ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቼ ነው።

ዘመቻው ላይ ሐኪሙ የታማሚዎቹን የዓይን ቆብ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ሲመልሰው እኔ አጠገቡ ሆኜ አግዛለሁ፣ በፋሻ አስራለሁ። በማግስቱ የአንዲት እናት ፋሻ ስፈታ ዓይኗን አርገበገበች፣ ደግማ አርገበገበች፣ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ትናንት ዓይኔን የያዝሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ይች ጭልፊት! እንዲህ ልጅ እግር መሆንሽን ባውቅ መቼ አስነካሽ ነበር!»

ወረፋ ይዞ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሐኪም ልሁን ብዬ ከተነሣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሙሉ ትንፋሽ ተንፍሼ አላውቅም። ይህን ሥራ እድሜ ልኬን ብሠራው አልሰለቸውም ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ስለቱ ትዝ አለኝና ፈራሁ።

አስተማሪያችን በሁለቱ መካከል ስወላውል ቢያየኝ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ቶሎ ምረጪ» አለኝ። እንዴት ብዬ ልምረጥ? እህቴ በዚያው ሰሞን ባሏ አገር፣ እስቴ ላይ፣ ዳግም ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቴ ደግሞ በስልክ በሌላ ሰው እያመካኘች «ስለት የሚያፈርስ ሰው ቅጣቱን በልጁ ነው የሚያገኘው» ማለት ጀምራለች። እኔ ዓይን ብዬ ብመርጥና እህቴ አንድ ነገር ብትሆን እናቴ በሕይወት አትቆይም። እኔም ብሆን ሳይንስ ተምሬያለሁ ብዬ አልተኛም።

ከዘመቻው ስመለስ ንፋስ መውጫ ወረድኩና፣ እናቴ ቤት ከመድረሴ በፊት የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አንደበታቸው ለማንም የማይመለስ ሽማግሌ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ ስለት ይፈርሳል ወይ?»

«ማን ነው የተሳለው?»

«እናቴ።»

«በምን?»

«በእኔ።»

መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው አዩኝ። «አንቺሳ ያኔ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ፣ አባ፤ ልጅ ነበርኩ። ማን ጠየቀኝ?»

«በይ ሂጂና እናትሽን ይዘሻት ነይ» አሉኝ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን መጣች። ገና ሳትቀመጥ ክርክር ጀመረች። እናቴ ስትፈራ ነው የምትከራከረው።

«አባ፣ ሐናስ ብትሆን እመቤታችንን ተስላ ለቤተ መቅደስ አልሰጠቻትም?»

«ሐና የተሳለችው ልጅ ሳይኖራት ነው። የለመነችውን ልጅ፣ ያንኑ መልሳ ሰጠች። አንቺ ግን የታላቂቱን ነፍስ ለምነሽ በታናሺቱ ከፈልሽ። ሰው በጎረቤት በሬ ይሳላል?»

«ልጄ እኮ ናት፣ አባ!»

«ልጅሽ ናት። በሬሽ ግን አይደለችም።»

እናቴ ያኔ ገና ተቀመጠች። «ታዲያ ምን ልክፈል?» አለች።

«ጃንጥላ አስገቢ። ጉልበትሽም አለ፣ ስገጂ።»

«ጃንጥላ? ለልጅ ነፍስ ጃንጥላ? ኧረ መጋረጃም ልጨምርበት!»

«እመቤታችን ነጋዴ አይደለችም፣ አንቺ ሴትዮ!» አሉና እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው መስቀላቸውን አናቷ ላይ አሳረፉ። ከዚያ የእኔም አናት ላይ።

ጃንጥላውን ለመግዛት ንፋስ መውጫ ገበያ ግማሽ ቀን ዋልን። ይኼኛው ቀለሙ ደበዘዘ፣ ይኼኛው ዘርፉ ሳሳ እያለች ነጋዴውን አስለቀሰችው። በእመቤታችን ዕለት በእልልታ አስገባችው፤ ወገቧ እስኪንቀጠቀጥም ሰገደች። እንዲያም ሆኖ ፊቷ አልተፈታም። ካህኑ ለቀውኛል፣ እሷ ግን ገና አለቀቀችኝም። የእህቴን መጨረሻ እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ። ስለዚህ ዓይን የሚለውን ቃል ከአፌ ሳላወጣ ወደ ሆስፒታሌ ተመለስኩ።

የእህቴ ቀን ሲደርስ ፈቃድ ጠይቄ በደብረ ታቦር በኩል እህቴ ወዳለችበት የእስቴ ከተማ፣ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። እናቴ ቀደም ብላ መጥታ ነበር። ምጡ ሲመጣ እህቴን ይዘናት ወደ ማዋለጃው ሄድን። እኔም አብሬያት ልገባ ስል እህቴ በር ላይ ገፋችኝ።

«አንቺ እዚያው ሁኚ! ፊትሽን ሳይ ልሞት የደረስኩ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። ምጥ ይዟትም ምላሷ አልሰነፈም።

እኔና እናቴ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ የእህቴ «ማርያም፣ ማርያም» የሚል ድምፅ ይሰማል። እናቴ እጄን ያዘች፣ ልታጽናናኝ ብላ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እጅሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆነ።»

«ይንቀጠቀጣል እኮ! ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

ልዋሽ አሰብኩና ደከመኝ። «ተረኛ በሆንኩ ቁጥር፣ እማዬ» አልኳት።

እጄን በሁለት እጇ ጨብጣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እንደዚያው ሆነን ቆየን፣ የሕፃን ልቅሶ እስክንሰማ ድረስ። አዋላጇ በሩን ከፍታ «እንኳን ማርያም ማረቻት! ሴት ናት፤ እናትየዋም ደህና ናት» ስትል እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

እልልታዋ ሲያበቃ እናቴ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ከሥራ ወጥተሽ ስትደውይልኝ ድምፅሽን አውቀው ነበር። ‹ሁሉንም ማረች› ስትይኝ፣ ስልኩን ዘግቼ አለቅሳለሁ። አንዷን ልጄን ለማስመለስ ሌላዋን መያዣ የሰጠሁ ይመስለኝ ነበር።»

እኔ እሷ እንዳትፈራ ብዬ ፍርሃቴን ስደብቅ፣ እሷ እኔ ስለቱን እንዳልፈራው ብላ ልቅሶዋን ስትደብቅ ኖረናል። ምን ዓይነት ጅሎች ነን ብዬ ሳቅሁ።

«ለመሆኑ» አለች እናቴ፣ «አንቺ ራስሽ ምን መማር ነው የምትፈልጊ?»

ከእሷ አፍ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ዓይን» አልኳት።

«ዓይን?» ጥቂት አሰበች። ከዚያ እጄን ለቀቀችውና «ዓይን ደግ ነው። ዓይን አያምጥም» አለች።