የካቦው ዓሦችና የእናቴ ጣውንት

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን፣ ልጄ ቤት፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ካስቀመጡት የዓሣ መስታወት አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ሞቅ ያለ የቆየ ውሃ፣ ድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ ነገር፣ ትንሽም የዓሣ ቅርፊት ያለበት ሽታ ነው። ቀና ብዬ ባይ ውሃው ውስጥ የተነከረው ማሞቂያ ቀይ መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ እንደበራ ነው፤ ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እጄን እስከ አንጓዬ ድረስ ሰደድኩና ሙቀቱን አይቼ የማሞቂያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። የልጅ ልጄ ሰሚራ ከጓዳ ሮጣ መጣችና "እምዬ፣ እሱኮ ሲሞቅ ራሱ ይጠፋል" አለችኝ። ራሱ ይጠፋል የተባለ ነገር ሳይጠፋ ሲቀር ምን እንደሚያመጣ አባቷ ከመወለዱ በፊት ማየቴን ልነግራት ነበር፤ ግን ታሪክ ልጀምር መሆኔን ስታውቅ ትሸሸኛለችና ተውኩት።

የተወለድኩት ሸዋ ሮቢት ነው፤ ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ገና የወተት ጥርሴ የሚነቀል ልጅ ነበርኩ። አባቴ እንድሪስ የአገራችንን የቀወትን ጥጥ በአህያ ጭኖ ዳገቱን ወደ ደብረ ሲና የሚያወጣ፣ ከዚያ ደግሞ ባቄላና ገብስ ይዞ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። ሁለት ሚስቶች ነበሩት፤ ታላቂቱ እናቴ ፋጡማ፣ ታናሺቱ ሙሚና። ቤቶቻችን በአንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር፤ መሐሉ ላይ እናቴ በገዛ እጇ የደረደረችው የድንጋይ መስመር ነበረ፣ ያንን መስመር እሷም ሙሚናም አይሻገሩትም፤ እናቴ እሳት ቢጠፋባት ፊት ለፊቷ የሚጨሰውን ምድጃ ትታ ሩቅ ጎረቤት ድረስ ሄዳ ፍም ትለምን ነበር። አባቴ የሚያድረው በተራ ነው፣ አንድ ቀን እኛ ጋ፣ አንድ ቀን እነሱ ጋ፤ ተራ ደግሞ በግቢያችን ውስጥ የማይጣስ ሕግ ስለነበር ሥጋ ቢገዛ፣ ስኳር ቢያመጣ፣ እንግዳ አስከትሎ ቢመጣ፣ ሁሉም የሚገባው የዕለቱ ተረኛ ቤት ነው።

በዚያ ግቢ ውስጥ የእኔ ሥራ ወሬ ማቀበል ነበር። ማታ ማታ እናቴ ጥጥ እየፈተለች "እህ፣ ዛሬስ ምን አየሽ?" ስትለኝ ሙሚና የለበሰችውን፣ የሠራችውን ወጥ፣ ስትስቅ አባቴ እንዴት እንዳያት አንድ በአንድ እነግራታለሁ፤ ወሬው ያነሰ በመሰለኝ ቀን ደግሞ ከራሴ ጨመር አደርግበታለሁ። ወሬዬ የከፋ በሆነ ቁጥር እናቴ ወደ እኔ ጠጋ ትላለች፣ በማይፈትለው እጇ ጸጉሬን ትደባብሰኛለች፤ ከእናቴ ጋር የነበረን ፍቅር አብዛኛው ሙሚናን ማማት ነበር ብል አልዋሸሁም። እኔም የራሴ ቅናት ነበረኝ። የሙሚና ልጅ ዘሃራ እኩያዬ ነበረች፤ ከአንድ አባት ተወልደን ሳለ የአባታችን ትልቅ አፍንጫ ለእኔ ሲደርሰኝ ሌላው መልኩ ሁሉ ለእሷ ሄዷል። ሰው "የእንድሪስ ቆንጆ ልጅ" ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም ነበር፣ ይህም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደብረ ሲና ላይ የመንገዱን ሥራ ከሚያሠሩት ጣሊያኖች አንዱን ሰዉ "ካቦው" ይለው ነበር። ይህ ሰው ከአገሩ በባሕር ያስመጣቸው፣ ጭራቸው እንደ ቀይ ሐር የሚውለበለብ ትንንሽ ዓሦች ነበሩት፤ ጎኑ ሁሉ መስታወት፣ ወለሉ ቆርቆሮ በሆነ ሣጥን ውስጥ ያኖራቸዋል፣ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ ውሃውን የሚያሞቅ ኩራዝ አለ። ኩራዙ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ነበረች፤ ውሃው በቃኝ ሲል ክዳኗ በራሷ ወርዳ እሳቱን ታፍነዋለች ተብሎ ነበር። ነገር ግን ጉሙ ከጣርማ በር ቁልቁል በሚለቀቅበት በዚያ ብርድ አገር ውሃው በቃኝ ብሎ ስለማያውቅ ክዳኗ አንድም ቀን ሠርታ አታውቅም፣ በጥላሸት ተጣብቃ መቅረቷንም ያወቀ ሰው አልነበረም። ዓሦቹ አንድ አንድ እያሉ ሲሞቱበት ጊዜ ካቦው ብርዱ እስኪያልፍ ቆላ ልስደዳቸው አለና አባቴን አስጠራው። በአስተርጓሚው በኩል የነገረው አጭር ነበር፤ ማታ ማታ ኩራዙን አብራ፣ ከሞቱ አንተን እጠይቃለሁ። እምቢ ማለት የማይታሰብ ነው፤ ከዚህ ባነሰ ነገር ታስረው ያልተመለሱ ሰዎች እናውቅ ነበር። አባቴ ሣጥኑን እንደ በሽተኛ በቃሬዛ አሸክሞ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍርሃቱም አብሮት ወርዶ ኖሮ፣ ማታ ማታ የተባለውን ትእዛዝ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሌት ተቀን አደረገው።

ታዲያ ያ ሣጥን ግቢያችን የደረሰው በሙሚና ተራ ቀን ነበር። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ዓሦቹ የእኛ ነበሩ። እናቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ሰዎቹ ቃሬዛውን ወደዚያኛው ቤት ሲያስገቡ አየችና ገብታ በሯን ዘጋች፤ እኔ ግን መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ የሸዋ ሮቢት ሰው ሁሉ ሙሚና ቤት ሆነ። ሴቱ ዓሣ ለማየት ቡና ይዞ፣ ማር ይዞ ይመጣል፤ ዘሃራም በሩ ላይ ቆማ ከልጆቹ ሁሉ ቁርቁራ እየተቀበለች ማስገባት ጀመረች፣ የበሰለ ካልሆነ ትመልሳለች፣ አንዳንዱንም ነክሳ ቀምሳ ነው የምትቀበለው። እኔን በነፃ ግቢ ብላኝ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ አቃጠለኝ። አልገባም ብዬ በጓሮ በኩል ጭቃው በረገፈበት ግድግዳ ስንጥቅ እያጮለቅሁ አያቸው ነበር። እንዲህ ያለ ቀይ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ሳያቸው እያማሩኝ፣ እያማሩኝም እንዲሞቱ ዱዓ አደርግ ነበር።

በኅዳርና በታኅሣሥ ምንም አልሆኑም። ግንቦት ገብቶ የቆላው ሐሩር ሲለቅብን፣ አባቴ አህዮቹን ነድቶ ደብረ ሲና በወጣበት በአንዱ ቀን፣ የቀትሩ ዙህር ተሰግዶ ሰዉ ሁሉ ጥላ ውስጥ በተጋደመበት ሰዓት እንደልማዴ ወደ ስንጥቄ ሄድኩ። ኩራዙ ይነዳል፣ ክዳኗ ሽቅብ እንደተገተረች ናት፣ ዓሦቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተው አየር ይለምናሉ፣ አንዷ በጎኗ ተኝታለች። ልቤ ዘለለ፤ ያዘለለው ደስታ ነበር። ሮጬ እናቴ ጋ ገባሁና የምሥራች እንደሚያበሥር ሰው ሆኜ "እማ፣ የሙሚና ዓሦች ሊሞቱ ነው" አልኳት።

እንዝርቷ ቆመ። "ኩራዙ በርቷል?" አለችኝ።

"እንደበራ ነው።"

ወዲያው አልተነሣችም። በክፍቱ በር ወደዚያኛው ቤት እያየች ተቀመጠች፤ ስንት ዘመን አላህን የለመነችው ነገር መጥቶ ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ያን ጊዜ ባይገባኝም አሁን ይገባኛል። ዓሦቹ በሙሚና እጅ ከሞቱ አባቴ ሙሚናን መቼም ይቅር አይላትም። እነዚያው ዓሦች ከሞቱ ግን አባቴን እጁን አስረው ዳገቱን ያወጡታል። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ እናቴ ሁለቱንም እያሰበች ቆየች፣ ዛሬ ሳስበው እንኳ በሚያስፈራኝ አኳኋን ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ጥላ ሥር ያረፈውን፣ ላብ ያወረዛውን እንስራ አዘለችና የድንጋዩን መስመር ተሻገረች። ልትስቅባት የሄደች መስሎኝ ሳቁ እንዳያመልጠኝ ተከትያት ሮጥኩ።

ሙሚና እርጉዝ ነበረች፤ ከሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ታቅፋ ታለቅሳለች። እናቴን ስታይ ለመነሣት ሞከረችና "እትዬ ፋጡማ፣ አባወራችን እንዳይጠፋ ብለዋል፤ ወላሂ አንድም ቀን አላጠፋሁትም" አለች። እናቴ ተንበርክካ ኩራዙን እፍ አለችው። ሙሚና አፏን በእጇ ያዘች።

"ሲመጡ ምን እላቸዋለሁ?"

"እሱን ለእኔ ተይው" አለች እናቴ።

ሙሚና እንስራውን አንሥታ ቀዝቃዛውን ውሃ ባንዴ ልትገለብጥባቸው ስትል እናቴ አንጓዋን ያዘቻት። "ወባ የጣለው ልጅ ላይ እንስራ ሙሉ ውሃ ትደፊያለሽ?" አለቻት፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ሁለቱም ልጅ በወባ ቀብረው ያውቁ ነበር። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ነከረችና መስታወቱን ዙሪያውን ጠቀለለችው፤ እኔና ዘሃራን ግራና ቀኝ አቁማ ማራገቢያ አስያዘችን፣ እኛም እየተገላመጥን ማራገብ ያዝን። ሙሚና በቅል ከሞቀው ውሃ ትቀዳለች፣ እናቴ ከቀዝቃዛው በእፍኟ ትጨምራለች፣ ትጠብቃለች፣ ሕፃን የምታጥብ ይመስል ክርኗን ነክራ ሙቀቱን ታያለች፣ ደግማ ትጨምራለች። ጥላው ግቢውን እስኪያለብስ ድረስ እንዲሁ ቆየን። ዓሦቹ እየተረጋጉ ወደ ታች ወረዱ፤ በጎኗ የተኛችዋ ግን አልተነሣችም። ሁለቱ ሴቶች ተያዩና ወስደው ጓሮ ቀበሯት።

አባቴ ሲመለስ ኩራዙ ጠፍቶ፣ ሣጥኑ ንፋስ ወዳለበት ዞሮ፣ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ቆየው። ማን አጠፋው ብሎ ሲጮህ እናቴ "እኔ ነኝ" አለች፤ ሙሚና ከኋላዋ "የለም፣ እኔ ነኝ" አለች። አባቴ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ። በሚታደላቸው ነገር ሲጣሉ እንጂ ጥፋት ሲሻሙ አይቷቸው አያውቅም፣ ቁጣውን ወዴት እንደሚያዞረው ጠፍቶት ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

ካቦው ክረምቱ ሊገባ ሲል በመኪና መጣ። መስታወቱን ነካ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አንዷ መጉደሏንም አወቀ፤ አስተርጓሚው የት ሄደች ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱ ሴቶች ባንድ አፍ "ሞተች" አሉ። ጣሊያኑ የቀሩትን ቆጠረና "እኔ ዘንድ ከዚህ የበለጡ ሞተዋል" አለ፣ ሣጥኑንም አስጭኖ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ከኪሱ ካራሜላ አውጥቶ ለዘሃራ ሰጣት። እሷ ከፍላ ስትሰጠኝ አልፈልግም ብዬ ጣልኩት፣ ከሄደች በኋላ ግን አቧራውን አራግፌ በላሁት።

ዓሦቹ ቢሄዱም እናቴ ወደዚያ ቤት መሄዷን አልተወችም። ሙሚና ስትወልድ ያዋለደቻት እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ጥጡን ይዛ እዚያ ትውላለች፣ ሲሳሳቁ በግቢው ሁሉ ይሰማል፣ አባቴም በእኛ ተራ መጥቶ ሁለቱንም ሚስቶቹን በሌላኛው ቤት ሲያገኝ ብቻውን ራቱን እየበላ ያጉረመርም ነበር። "ዛሬስ ምን አየሽ?" የሚለኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ስለ ሙሚና የሰማሁትን ጥሩ ሐሜት ይዤላት ብሄድ "ተይ ልጄ፣ ሰው አይታማም" አለችኝ፤ ማማትን ያስተማረችኝ እሷ ራሷ! እስከዚያ ድረስ በሙሚና የቀናሁት ለእናቴ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ቀናሁባት፤ ያኛው ቅናት ከእናቴ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚቀናበት ነበርና ሞቅ ይል ነበር፣ ይኼኛው ግን የብቻዬ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ እናቴ ሸዋ ሮቢት በታመመች ጊዜ ከደብረ ብርሃን ወርጄ ራስጌዋ ተቀመጥኩ። አጠብኳት፣ በማንኪያ አጎረስኳት፣ ሌሎቹን ሁሉ ከአጠገቧ አራቅሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠችና "ሙሚናን ጥሩልኝ" አለች።

"እማ፣ እኔ ሀዋ አለሁልሽ" አልኳት።

"አንቺማ አለሽ" አለችኝ። "ሙሚናን ጥሩልኝ።"

ሙሚና ዘሃራ ደግፋት በከዘራ መጣች። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ተነሥቼ ቦታዬን ለቀቅሁላት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች፤ እናቴ የሆነ ነገር ነገረቻት፣ ሙሚናም ራሷን ነቀነቀች፣ ሁለቱም ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። እኔ እግርጌ ቆሜ ነበርና አልሰማሁም። እናቴ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም፤ ሳይመሽ ዓረፈች። ምን እንዳለቻት ሙሚናን ልጠይቃት አፌ ላይ ስንት ጊዜ መጣ፤ በመጣ ቁጥር ቅናቴ መለሰው። ሙሚናም ከሞተች ቆየች። የእናቴን የመጨረሻ ቃል የሚያውቅ ሰው ዛሬ በምድር ላይ የለም።