ቃል ያላዋጣ አይቆምልህም

ባለፈው ወር ያረፉት አጎቴና እኔ ደብረ ታቦር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነበር የምናስተምረው። አንድ ጊዜ አስተዳደሩ መምህራኑን ሳያማክር የማስተማሪያ ሰዓት ቢጨምርብን፣ ተናድጄ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፍኩና ለአጎቴ አሳየኋቸው።

«ማን ማን አይቶታል?» አሉኝ።

«ማንም። ብቻ አንቱ ይፈርሙልኝ።»

«እንግዲያው ገና አልተጻፈማ!»

ደብዳቤውን አስይዘው ከሒሳብ ክፍል እስከ ነርሲንግ አዞሩኝ። ያነበበው ሁሉ አንዳንድ ቃል ሲቀይርብኝ ከፋኝ።

«ተው እንጂ! ቃል ያላዋጣ ሰው ስብሰባ ላይ አይቆምልህም» አሉኝ።

በስብሰባው ዕለት ከየክፍሉ እየተነሡ ተናገሩ፤ ውሳኔውም ተሻረ።

ይህን ማስታወሻ ለአጎቴ አርባ ጽፌ እንደዚያው በየክፍሉ ይዤው ዞርኩ። ሁሉም አንዳንድ ቃል ቀየሩ። በመጨረሻ የእሳቸውንም የቢሮ በር አንኳኩቼ፣ «ግባ» እስኪሉኝ ቆምኩ።