አባባና የተሸናፊዎቹ አሠልጣኝ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የስፖርተኞች ልብስ አጥብ ነበር። የፉትቦል ቡድኑን ማሊያ፣ ካልሲና ፎጣ በማሽን አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ አጣጥፌ በየቁጥሩ እደረድራለሁ። በተቀጠርኩበት ዓመት ቡድኑ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። እኔን ግን አላሳሰበኝም። ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ጭቃው ያው ጭቃ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ አባቴ ከአዲስ አበባ መጡና አሌክሳንድሪያ እህቴ ቤት አረፉ። እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ትሠራለች። "ብቻቸውን ከሚውሉ ይዘሻቸው ሂጂ" አለችኝ። እኔም ቅዳሜ ጠዋት እየሄድኩ አመጣቸውና፣ ሥራዬን እስክጨርስ ሜዳው ዳር ባለው ደረጃማ የተመልካች አግዳሚ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤላቸው አስቀምጣቸዋለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄጄ አጠገባቸው ስቀመጥ ግራ ገብቷቸው አገኘኋቸው።

"እግር ኳስ ነው ብለሽኝ አልነበር?"

"የነሱ እግር ኳስ ነው፣ አባባ።"

"ታዲያ እግሩ የታለ? ሁሉም አቅፎት ነው የሚሮጠው!"

የማውቀውን ያህል አስረዳኋቸው። ኳሱን ይዘው ወደ ፊት ይገፋሉ፤ በአራት ሙከራ አሥር ያርድ ካልሄዱ ኳሱ ለሌላው ይሰጣል። ጥቂት አሰቡና "የድንበር ክርክር ነው በዪኛ!" አሉ። ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ያን ቀን ክፉኛ ተሸነፍን። ጨዋታው ሳያልቅ ተመልካቹ ተነሥቶ ሄደ። አባባ ግን ዓይናቸውን ከአሠልጣኙ አላነሡም። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነው። ኳስ የጣለበትን ልጅ አንገቱን አቅፎ በጆሮው የሆነ ነገር ይነግረዋል።

"አይጮህም" አሉ።

"ቢጮህ ሳይሻለው አይቀርም። ሊያባርሩት ነው ይባላል።"

"ምን አድርጎ?"

"ስለማያሸንፍ ነዋ።"

ብርድ ልብሱን አቀበሉኝና ደረጃውን ቀስ ብለው ወርደው ሜዳው ውስጥ ገቡ። ደንግጬ ተከተልኳቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ አሉ፣ አሠልጣኙን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

"በርታ በዪልኝ" አሉኝ።

እንደምንም ተረጎምኩለት። ሰውየው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። "ዛሬ የጨበጠኝ ሰው አባትሽ ብቻ ናቸው" አለ።

ከዚያ በኋላ አባባ በተሸነፍን ቁጥር ይወርዳሉ። በተሸነፍን ቁጥር ማለት ደግሞ በየሳምንቱ ማለት ነው። አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከኋላችን የተቀመጠ ጎረምሳ ተነሥቶ "አባርሩት!" እያለ መጮህ ጀመረ። ምን እንደሚል ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ዞር ብለው በአማርኛ፣ "ተቀመጥ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሃል?" አሉት። አንዲት ቃል ባይገባውም ተቀመጠ።

ማታ ወደ አሌክሳንድሪያ ስመልሳቸው እኔም ሰልችቶኝ፣ "አባባ፣ እውነት ሌላ ሰው ቢመጣ አይሻልም?" አልኳቸው።

አባቴ ጡረታ የወጡት ከትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ነው። "መጀመሪያ ገጠር ተመድቤ ያስተማርኳቸው ልጆች" አሉ፣ "ሚኒስትሪ ተፈትነው አንድም አላለፈ። በዓመቱ ሁለት አለፉ። ወላጆች ይነሣልን ብለው አውራጃ ድረስ ከሰሱኝ። የአውራጃው ሹም 'እስቲ ታገሡት' ባይል ኖሮ፣ ዳይሬክተር ቀርቶ አስተማሪ ሆኜም አልቀጥልም ነበር።"

አባቴ ወድቀው እንደሚያውቁ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት ጀመርኩ። የተቀደደ ማሊያ ሳገኝ፣ ሥራዬ ባይሆንም እሰፋለሁ። ተጫዋቾቹም የአባባን ቃል ከአሠልጣኛቸው ለምደው ኖሮ፣ በላውንደሪው በር ሲያልፉ "በርታ!" ይሉኛል። "ለሴት በርቺ ነው" ብዬ ባርማቸውም የሚሰማኝ አልነበረም።

ኅዳር ውስጥ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር በትንሽ ነጥብ እንመራ ነበር፤ እኛ ነን ከኋላ የነበርነው ማለቴ ነው፣ እንደ ልማዳችን። አንድ ቀጭን ልጅ ኳሱን አየር ላይ ቀለበና በመስመሩ ጥግ ተፈተለከ። አባባ ብርድ ልብሱን ጥለው ተነሡ። "ሂድ! ሂድ! ማንም እንዳይነካህ!" ልጁ ሳይነኩት የመጨረሻውን መስመር አለፈ፤ በነጥብ በለጥናቸው። የማብቂያው ፊሽካ ሲነፋ እልልታዬ ሳላስበው አመለጠኝ፤ ሜዳው በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ተጫዋቾቹ ሲዘሉ አባባ ለመውረድ ኮፍያቸውን መፈለግ ጀመሩ። አሠልጣኙ ግን ቀድሟቸው ደረጃውን እየወጣ ነው። እፊታቸው ደርሶ ጎንበስ አለና በሁለት እጁ ጨበጣቸው። "ዛሬ እኔ ልምጣ ብዬ ነው" አለ። ተረጎምኩላቸው።

አሠልጣኙ አልተባረረም። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ቆየ፤ ብዙ ጊዜ ተሸነፈ፣ አንዳንዴም አሸነፈ።

የዚያን ቀን አሌክሳንድሪያ ስንደርስ እህቴ በሩን ከመክፈቷ አባባ፣ "አሸነፍን!" አሏት።

"ማንን?" አለች።

አባባ ቆም ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ማንን ነው ያሸነፍነው?"

እኔም አላውቅም ነበር። እንደዚያው በሩ ላይ እንደቆምን ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን።