መነጽር ለመጨረሻው ፎቶ

የፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ በየሐሙሱ እንግዳ ተመራማሪ ሲጋብዝ፣ አንድ ሽማግሌ ከበሩ አጠገብ ካለችው ወንበር አይጠፉም። ኮታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ስለ ከዋክብት ቢወራ ስለ ብርሃን፣ እጃቸውን አጣምረው ያንጎላጃሉ። ሰዓት የምትቆጣጠረው ጸሐፊ፣ "እኚህስ የብስኩቱ ወዳጅ ናቸው" ብላ አምታቸዋለች።

ለታዳሚው የሚቀርበውን ብስኩት ግን ነክተውት አያውቁም። እንግዳው ንግግሩን ጨርሶ፣ አብረውት የሠሩትን የሚያመሰግንበት ፎቶ ግድግዳው ላይ ሲበራ እንቅልፋቸው ብን ብሎ ይጠፋል። መነጽራቸውን አውጥተው ፊቶቹን አንድ በአንድ ያያሉ። ከዚያ ጥያቄው ሳይጀመር ውልቅ ብለው ይሄዳሉ።

ባለፈው ሐሙስ እንግዳው ንግግሩን እንደ ማስቲካ ለጠጠው። ጸሐፊዋ "ሰዓት አልቋል" የሚለውን ካርቶን አነሣችበት፤ እሱም ፎቶውን ዘለለው። ሽማግሌው መነጽራቸውን እንደያዙ ቀሩ።

ሲወጡ በሩ ላይ ደረሰችባቸው። "አባባ፣ ምን ሆኑ?"

"ልጄ ፊዚክስ ካልተማርኩ ስትለኝ፣ እንግዲያው ከቤቴ ውጪልኝ አልኳት" አሉ። "እውነትም ወጣች። ያለችበትን የሚነግረኝ ሰው የለም። ምናልባት ከእነዚያ ፎቶዎች በአንዱ ባያት ብዬ ነው።"

"ቆዩ፣ ፎቶውን አሁን አስከፍተዋለሁ።"

አስከፍታ ስትመለስ ግን ሄደዋል።

ዛሬ ጸሐፊዋ ካርቶኑን ጭኗ ላይ ደፍታዋለች። ፎቶው ግድግዳው ላይ ቆየ። የበሩ ወንበር ባዶ ነው፤ እሷ ግን ፊቶቹን አንድ በአንድ እያየች፣ ሽማግሌውን የምትመስል ሴት ትፈልጋለች።