የቄሰ ገበዙ ግዝትና የእኛ ማመልከቻ

ባለፈው ሰኞ ሳሙኤል ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ ቢሮዬ ገባ። ሳሙኤል አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ተመራማሪ ነው፤ የሚያጠናው ወባን ነው፤ ሰሞኑን ግን ፊቱን ላየው ወባዋ ራሷ የያዘችው ይመስላል። ከሁለት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ፣ አገሮች በጋራ ለሚሰጡት የሕክምና ምርምር ገንዘብ እያመለከተ ነው። የዛሬ ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚሞላ ነው፤ አንዱን ሳጥን ሳይሞሉ ወደ ቀጣዩ አያሳልፍም፣ ልክ እንደ ድሮ የቀበሌ ጸሐፊ።

«እትዬ ጥሩ፣ እዚች ጋ ተቸንክሬ ቀረሁ» አለና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። «ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይቀራል? ነው የሚለው። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ከቢሮዬ መስኮት ጣና ይታያል። ያን ቀን ውሃው ረግቶ ነበር፤ አንዲት የሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ትሄዳለች። ጥያቄውን ሳነብ ግን ሐሳቤ ከባህር ዳር ወጥቶ ከይፋግ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ወዳለ አንድ ውሃ የሚቀዳበት ዳር ሄደ። «ተቀመጥ» አልሁት። «ይኼ በአጭሩ የሚመለስ ነገር አይደለም።»

ያኔ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርሁ። አለቃዬ ዶክተር ንጉሤ ይባላል፤ የአዳማ ልጅ ነው፤ ባህር ዳር ለሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ። አንቱ ስንለው ይቆጣ ስለነበር አሁንም አንቱ ብዬ ልጽፈው ብዕሬ እምቢ ይላል። ንግግሩ ፈጣን፣ እርምጃው ከንግግሩም የፈጠነ ሰው ነበር። የሚያጠናው ብልሃርዚያን ነው።

የብልሃርዚያ ተውሳክ ከሰው ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖር ጥፍር የሚያህል ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ከተራባ በኋላ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል። እንግዲህ ሰው ለረጅም ጊዜ ወደ ውሃው ባይወርድ፣ መንደሩም መድኃኒት ቢያገኝ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ይነጹ ይሆን? ሕፃናቱስ ከዚያ ከተነፋ ሆዳቸው ይገላገሉ ይሆን? የዶክተር ንጉሤ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የመረጠውም ከይፋግ በታች ሐይቁ ዳር ያለችውን መንደር ነው። መድኃኒቱንም መሣሪያውንም ለማግኘት ከአንድ የዴንማርክ ቤተ ሙከራ ጋር ሆነን ለጋራ የምርምር ገንዘብ አመለከትን። ኢንተርኔት ባህር ዳር ላይ ገና ብርቅ ነበር። ማመልከቻው ሊላክ ጫፍ ሲደርስ መብራት ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመጣ መስመሩ ይሄዳል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ደግሞ የቢሮው ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ሄዷል።

መልሱ መጣ። ሐሳቡን ወደውታል፤ አንድ ነገር ግን አላመኑም። አንድ መንደር ሙሉ ሰው ከለመደው ውሃ እንዴት ሊከለከል ይችላል? አጥር የላችሁ፣ ዘበኛ የላችሁ። ገምጋሚ መጥተው በዓይናቸው ያያሉ፤ ካላመኑ ማመልከቻው በዚያው ይቀራል ተባልን። ዶክተር ንጉሤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ሲራመድ አየሁት።

መላ የዘየድሁት እኔ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ያደግሁትም እዚያው ይፋግ ነው። ካህን በክህነቱ ሥልጣን «ይህን እንዳታደርጉ» ብሎ ሲያስር ግዝት ይባላል፤ ያሰረው ካህን እስኪፈታው ድረስ የሚደፍረው የለም። እኛ ቤት እሳት ቢነካ ይሻላል እንጂ ግዝት አይነካም ነበር። ዶክተር ንጉሤ ይህን ስነግረው ፈገግ አለ። እሱም ክርስቲያን ነው፤ ግዝት ግን ለእሱ ከአያቱ ጋር የቀረ ወሬ ነበር። ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ብቻ ተከትሎኝ መጣ።

የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድሩት ቄሰ ገበዝ መንግሥቱ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። የልጅ ልጃቸው ውዴ ትከሻቸውን ተደግፋ ቆማለች። እግሯ ቀጭን ነው፤ ሆዷ ግን ቀሚሷን ወደ ፊት ገፍቶታል። ጉዳያችንን አንድ በአንድ ሰሙን።

«ኸረ ለመሆኑ የምታስከለክሉት ሁሉንም ሰው ነው?» አሉ።

«ሁሉንም ሰው ነው አባታችን!» አለ ዶክተር ንጉሤ። «አንድ ሰው ገባ ማለት ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ዓሣ አስጋሪውስ?»

«እሱም።»

«ማንም እንዳይገባ ነው የምትሉኝ?»

«ማንም አባታችን፣ ማንም!»

ቄሰ ገበዙ ውዴን አየት አደረጓትና «ይሁን» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቅጽሩ ውስጥ እንደቆመ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ገዘቱ። ወደዚያ ውሃ እግርም ቢሆን፣ እጅም ቢሆን፣ ዕቃም ቢሆን ማንም እንዳያስገባ። ድምፃቸው የሚጮህ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ግን ትንፋሹን ውጦ ሰማ። እኔ እንኳ መላውን ያመጣሁት ሰው ጀርባዬን ሲበርደኝ ተሰማኝ። በዚያው ሳምንት ዓሣ አስጋሪዎቹ ውሃ ሳይነኩ ታንኳቸው ላይ የሚወጡበት የድንጋይ መርገጫ ራቅ ካለው ዳር ሠሩ፤ ሴቶቹም ዳገቱን ወጥተው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው የእጅ ፓምፕ ይቀዱ ጀመር።

ገምጋሚዋ የመጡት በኅዳር ጽዮን ማግስት ነው። ነጭ ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዙ የዴንማርክ ፕሮፌሰር ናቸው። ከባህር ዳር ስንወጣ ጭጋጉ ገና ከውሃው አልተነሣም ነበር። ወረታን እንዳለፍን ሩዙ ግራና ቀኝ ወርቅ መስሏል፤ አጫጆቹ ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ በመኪናው መስኮት የደረቀ ገለባና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ይገባል። ፕሮፌሰሯ አንድም ነገር አልጠየቁም። ዶክተር ንጉሤ ግን መንገዱን ሙሉ ስለ ሩዝ ሲያወራ ነበር፤ ስለ ሩዝ ምንም እንደማያውቅ እኔ አውቃለሁ።

ዕቅዳችን ግልጽ ነበር። ፕሮፌሰሯ መንደሩ ከውሃው መራቁን ያያሉ፤ ከዚያ እኛ ቀንድ አውጣ ለቅመን፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ፀሐይ ላይ አድርገን ተውሳኩ ሲወጣ እናሳያለን። የበሽታው ምንጭ እዚያው ውሃ መሆኑን ማሳየት ግዴታችን ነበር። ፀሐይዋም በዓይነቷ ወጥታለች። ውሃው ዳር ደረስን። ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በአሸዋው ላይ የሰው ዱካ የለም። ዶክተር ንጉሤ ረጅም እጀታ ያለውን ወንፊት አቀበለኝና «በይ ጥሩ፣ ግቢ» አለኝ።

ረጅሙን ቦቲዬን አጥልቄ እስከ ዳሩ ሄድሁ። እዚያ ቆምሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«ግዝት ነዋ!» አልሁት።

«እኛን አይመለከትም እኮ!»

«ማንም ብለሃቸዋል። ሁለት ጊዜ።»

ያ ሁሉ ዝግጅት ሲደረግ፣ እኔ የመሪጌታ ልጅ እንኳ፣ ይህ አልታየኝም ነበር። ግዝቱን የፈለግነው ለሌላ ሰው ነበራ! ዶክተር ንጉሤ «አምጪው» ብሎ ወንፊቱን ነጠቀኝ፤ ቦቲውን አደረገ፤ በዚያ ፈጣን እርምጃው ወረደ። ከበላያችን ሩዝ ያጭዱ የነበሩት ሰዎች ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆሙ። የሚከለክል የለም፤ ያያሉ ብቻ። ዶክተሩ አንድ እግሩን አነሣ። እግሩ ውሃው ላይ እንደተንጠለጠለ ቆየና ወደ ኋላ ተመለሰ። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል።

«አልቻልኩም» አለኝ፤ ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር። «ጥሩ፣ እኔ እኮ አልቻልኩም።»

ፕሮፌሰሯ ለምን እንደቆምን ጠየቁ። ምን ልበላቸው? ሳይንቲስት ነን ብለን አምጥተናቸው ሳይንሳችን ዳር ላይ ቆሞ ቀረ። ሁሉንም እንደሆነው ነገርኋቸው። ግዝቱን የሚፈቱት ቄሰ ገበዝ ደግሞ ለበዓሉ ሐይቁ ውስጥ ወዳለ አንድ ደሴት ገዳም እንደ ተሻገሩ፣ መቼ እንደሚመለሱም እንደማናውቅ።

«ፖሊስ አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«ብትገቢ ምን ትቀጫለሽ?»

«ከሰው በኩል ምንም።»

ቦቲ ለእሳቸውም አምጥተንላቸው ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ተከታይ ስላልሆኑ እሳቸውን ግዝቱ አያስራቸውም፤ ይህን ነገርኋቸው። ቦቲውን አዩት፣ ወደ አጫጆቹ ቀና አሉ፣ ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እጠብቃለሁ» አሉ። ማታ የሚመለሱበት አውሮፕላን ነበራቸው።

ጠበቅን። አንዲት ሴት የሽምብራ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጣች፤ እኛ የጾም ሰዓታችን ስላልደረሰ ፕሮፌሰሯ ብቻ እየበሉ ሐይቁን ያያሉ። ከፓምፑ ውሃ የቀዱ ሴቶች ወደ ሐይቁ በሚወርደው አሮጌ መንገድ አጠገብ ያልፋሉ፤ አንዷም ወደ ውሃው አትጠጋም። አንድ ጥጃ አምልጦ ወደ ዳሩ ሲሮጥ ባለቤቱ ነፍሱ እስክትወጣ ሮጦ ያዘው። ዶክተር ንጉሤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ማመልከቻው አበቃለት ብሎ ነበር፤ እኔም ብዬ ነበር። ውዴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሆዷን ላለማየት ሐይቁን አየሁ።

ፀሐይዋ ዘንበል ማለት ስትጀምር አንዲት ታንኳ ከደሴቱ በኩል ታየች፤ ነጭ ጥምጥም ከርቀት አበራ። ቄሰ ገበዙ መርገጫው ላይ ሳይወርዱ ነገሩን ነገርናቸው።

«ማንም አላላችሁኝም?» አሉ።

«ብዬዎታለሁ አባታችን» አለ ዶክተር ንጉሤ አንገቱን ደፍቶ። «ይፍቱን።»

ሳቁ ቄሰ ገበዙ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና መስቀላቸውን ከእሱና ከእኔ ራስ ላይ አደረጉ። «እናንተን ብቻ። እግዚአብሔር ይፍታሕ» አሉ።

ወንፊቱን ይዤ ውሃው ውስጥ ገባሁ። የለቀምኋቸውን ቀንድ አውጣዎች በንጹሕ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርገን ፀሐይ ላይ አኖርናቸው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ውሃው ውስጥ እንደ ዱቄት ብናኝ ያለ ነገር ታየ፤ ብናኙ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይሽከረከራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እዚያ፣ በዚያ ብርሃን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከቦን ሳየው ግን የማላውቀው ነገር ሆነብኝ። ቄሰ ገበዙ በአጉሊ መነጽሩ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይኸ ሁሉ ነፍስ አለው?»

«አለው አባታችን።»

«አቤት ያንተ ሥራ!» አሉ በለሆሳስ። ከዚያ ውዴን ወደ ደረታቸው ሳቧት። «ይኸ ነው ከሷ ውስጥ የገባው?»

መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አድርገው ብርጭቆውን ሲያዩ ቆዩ፤ ፕሮፌሰሯም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። አውሮፕላኑ አምልጧቸው ነበር። ወደ ባህር ዳር ስንመለስ በጨለማው ውስጥ እንዲህ አሉ፦ «ሕዝቡ ይታዘዛል ወይ ብዬ ነበር የመጣሁት። እናንተም የምትታዘዙ መሆናችሁን ማመልከቻው ላይ አልጻፋችሁትም።»

ገንዘቡ ተፈቀደ። መድኃኒቱ መጣ፤ የውዴም ሆድ ጎደለ፤ ዛሬ ይፋግ ውስጥ አስተማሪ ናት። ገንዘቡ በጊዜው ሲያልቅ፣ ልናመሰግናቸውና ግዝቱን እንዲፈቱ ልንነግራቸው ወደ ቄሰ ገበዙ ሄድን።

«በሽታው ጠፋ?» አሉን።

«ቀነሰ እንጂ አልጠፋም አባታችን። ገንዘቡ ነው ያለቀው።»

«እና እኔ የገዘትሁት ስለ ገንዘቡ ነው?»

ሳይፈቱት አረፉ።

ቅዳሜ ዕለት ሳሙኤልን ይዤው ሄድሁ። አሮጌውን መንገድ ሣር ውጦታል፤ ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ወደ ዳሩ ስንጠጋ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ከበላያችን ጮኸች። «ኧረ እንዳትወርዱ! ግዝት አለበት!»

«የማን ግዝት ነው?» አላት ሳሙኤል።

«እኔ እንጃ፣ ከጥንት ነው» አለች። ልጁ ከጀርባዋ ወርዶ መንገዱ ላይ ይሮጥ ጀመር፤ ሆዱ እንደማንኛውም ልጅ ሆድ ነው።

ዶክተር ንጉሤ ካረፈ ቆይቷል። ከመንደሩ ካህን በቃል ተፈትቶ ወደዚያ ውሃ መግባት የሚችል በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ያ የድሮው ብርድ ጀርባዬን ነካው። ጫማዬን ከዳሩ ወደ ኋላ መለስሁ።

ስንመለስ ሐሙሲት ከተማ ላይ ሳሙኤል ላፕቶፑን ከፈተ። ከዚያ «እትዬ ጥሩ፣ ሳጥኑ የሚቀበለው እኮ ጥቂት ቃል ነው» አለኝ።

«ቄሰ ገበዙም ሲገዝቱ የተናገሩት ጥቂት ነበር» አልሁት።